ከመስቀለኛው መንገድ ባሻገር፤ ወረታና የፎገራ ሜዳ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶች ቃል ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ በነጋዴ ላይ ሲሠራ ይታያል። ነጋዴ ዕቃን ከሩቅ አስመጥቶ ወደ ሩቅ የሚሰድ ስለ ሆነ፣ ሐሳቡ ዘወትር ከመንገዱ ጫፍ ላይ ነው። የወረታ ነጋዴም ጥቂት ዕረፍት ባሰኘው ጊዜ ባሕር ዳርን ወይም ጎንደርን ማሰብ ልማዱ ሆኖ ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስለ በዛ፣ ብዙው ሰው ሳይወድ በከተማው መዋል ግድ ሆኖበታል። ችግሩ ከባድ መሆኑ ባይካድም፣ በደጃፍ ያለውን መልካም ነገር እንደ ገና ለመመልከት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ወረታ በመንገደኛ ዘንድ የምትታወቀው በመስቀለኛ መንገድነቷ ነው። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በቻይናውያን እርዳታ ተሠርቶ በደርግ ዘመን የተፈጸመውና በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ደረቅ ወደብ የተሠራላትም ለዚሁ አመቺነቷ ነው። ነገር ግን ከተማን በመንገዷ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ቤትን በበሩ ብቻ እንደሚያውቅ እንግዳ ነው።

የዚህ ቤት ጓዳ ሩዝ ነው። በፎገራ ሜዳ የዱር ሩዝ መብቀሉ በ1960ዎቹ ተስተዋለ፤ በ1970ዎቹም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የእርሻ ሙከራ አደረጉ። ሙከራው በደራ በጅግና፣ በፎገራም በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሥር ሰዶ፣ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ከዚያው ቀበሌ ወሰደ። ቀድሞ ውኃ ስለሚተኛበት ለግጦሽ ብቻ ይተው የነበረው መሬት፣ ዛሬ «ነጭ ወርቅ» ይሉታል። የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ተቋቁሟል። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ ወፍጮ ቤቶቹ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። የአገሩ ሴቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩታል፤ ጠላና አረቄም ይወጣዋል፤ ገለባው ለከብት ይሆናል። አንድ እህል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከባዕድነት ወደ ባለቤትነት ሲሸጋገር ማየት የፈለገ ሰው ከወረታ ገበያ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛው ሀብት ውኃው ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ወርደው፣ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ከአፋቸው ሲሞሉ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ያለ ጎርፍ ሲመጣ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ እንደሚያፈናቅል የአገሩ ሰው አይረሳውም። ይሁን እንጂ ያው ውኃ ጥቁሩን አፈር አርሶ ይተወዋል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ጓያ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። የጣና ነጭ ዓሣ ዘር ለመጣል ወንዞቹን ሽቅብ የሚወጣውም በክረምት ነው።

በበጋ ደግሞ ሸሸርና ወላላ በተባሉት ረግረጋማ ቦታዎች፣ የሰሜን አውሮፓንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ፣ ክሬን የሚባሉ ባለ ረዥም አንገት አእዋፍ ያርፋሉ። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ጥብቅ የሕይወት ክልል ሆኖ ሲመዘገብ፣ እንዲህ ያሉት ረግረጎች ከክብሩ ምክንያቶች አንዱ ነበሩ። ከደብረ ታቦር መንገድ ላይ፣ ከዓለም በር አጠገብ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበር አለ። በዚያ ወንድና ሴት ሥራን ሳይለዩ ይሸምናሉ፤ የሚሸጡትም ጨርቅ በገዛ እጃቸው የተሠራ ነው።

ሆኖም የዚህ ሁሉ ደስታ መሠረት እየጠበበ መሄዱ ሊሸሸግ አይገባም። የሩዝ እርሻ በሰፋ ቁጥር የግጦሹ መሬት አንሷል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር መልኳና ወተቷ የተመሰገነው የፎገራ ላም ንጹሕ ዝርያም ከሌላ ከብት እየተዳቀለ ቁጥሩ መንምኗል። ሸሸርና ወላላም ውኃቸው ለመስኖ እየተሳበ፣ ዳርቻቸውም እየታረሰ ብዙ ተጎድተዋል። ገበሬው የሚዘራው ነጋዴው የሚገዛውን ስለ ሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ነጋዴው ተመልካች ብቻ ነኝ ሊል አይችልም። የሩዙን ብቻ ሳይሆን የወተቱን፣ የቅቤውንና የዓሣውንም ገበያ ቢያጠናክር፣ ገበሬው ሣሩንና ውኃውን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል።

በሩዙም በራሱ ገና ያልተሠራ ሥራ አለ። ከባሕር ማዶ የመጣው ሩዝ ተበጥሮና ተመዝኖ፣ ባማረ ከረጢት ስሙን ይዞ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ የፎገራው ብዙ ጊዜ ሙሉውና ስብርባሪው ሳይለይ፣ ያለ ስም በጆንያ ይሸጣል። ጠጠሩን አስለቅሞ፣ ሙሉውን ከስብርባሪው ለይቶ፣ «ፎገራ» የሚለውን ስም በከረጢቱ ላይ የሚጽፍ ነጋዴ፣ ለደንበኛው የታመነ ዕቃ፣ ለከተማውም ክብር ያስገኛል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ሰላም በሆነ የበጋ ጧት፣ ሚዛኑን ለልጁ ወይም ለሠራተኛው ትቶ፣ እስከ ርብ ዳር በእግር መሄድ ይበቃል። በዚያ ላሟን፣ ወፏንና የሩዙን ቃርሚያ በአንድ ማሳ ላይ የተመለከተ ነጋዴ፣ ወደ ሱቁ ሲመለስ ምን መግዛትና ምን መጠበቅ እንዳለበት ከቀድሞው ይበልጥ ያውቃል።