ሪስክ ኦኤስን ለማሠራት የትኛው ሰሌዳ ይመረጣል?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ሪስክ ኦኤስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሞከር የሚፈልግ ተማሪ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ከሚሠሩት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች መካከል የትኛውን መግዛት እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ብዙ ሰው አዲሱና ፈጣኑ ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አዲሱን የመረጠ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ሊያወጣ ይችላል። ዓመቶቹ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሪስክ ኦኤስን ያዘጋጀው በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ የነበረው አኮርን የተባለው ኩባንያ ነው፤ መጀመሪያም በ1987 ዓ.ም. አርተር በሚል ስም ወጣ። የተሰናዳው ኩባንያው ራሱ ለፈጠረው ለአርም ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ዋና ክፍሉ በአብዛኛው በአሴምብሊ ቋንቋ፣ ማለት በፕሮሰሰሩ በራሱ ትእዛዞች ተጽፏል። በዚህም ምክንያት ትንሽና ቀልጣፋ ሆነ፤ ነገር ግን ከባለ 32 ቢት አርም ትእዛዞች ውጭ መኖር አይችልም።

እንግዲህ አስቀድሞ የሚመረመረው ፕሮሰሰሩ ነው። በፕሮሰሰር ውስጥ የማዕርግ ደረጃዎች አሉ። ምእመን በቅኔ ማኅሌት ይቆማል፤ መቅደስ ገብቶ የሚያገለግለው ግን ካህን ነው። እንዲሁም ተራ ፕሮግራም በዝቅተኛው ማዕርግ ሲሠራ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በላይኛው ማዕርግ ሆኖ ሜሞሪውንና መሣሪያዎቹን ያዛል። በ2019 ዓ.ም. የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 ባለ 32 ቢት ትእዛዞችን በሁሉም ማዕርግ ይቀበላል። በ2023 ዓ.ም. የወጣው ፓይ 5 ግን የሚቀበላቸው በዝቅተኛው ማዕርግ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪስክ ኦኤስ በሌላ ሲስተም ላይ በማስመሰል ካልሆነ በቀር፣ በፓይ 5 ላይ ራሱን ችሎ ሊነሣ አይችልም።

ሁለተኛው የአቅም ጉዳይ ነው። ሲስተሙ በመሠረቱ የሚጠቀመው በአንድ የፕሮሰሰር እምብርት ስለ ሆነ፣ የእምብርቶቹ አራት መሆን ብዙ አይጨምርለትም። ለሜሞሪም ቢሆን በፓይ 3 ላይ ያለው 1 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ለ8 ጊጋባይት ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

ሦስተኛው የመገናኛ ነገር ነው። በ2024 ዓ.ም. የወጣው 5.30 እትም በፓይ 3ና በፓይ 4 ላይ ያለገመድ መገናኘትን አስችሏል። ከዚያ በፊት የወጣ እትም የያዘ ሰው የመረብ ገመድ መሰኪያ ያለው ሰሌዳ ይምረጥ፤ በፓይ ዜሮ ላይ ይህ መሰኪያ የለም።

በጠቅላላው፣ ፍጥነት የሚሻ ፓይ 4ን ከትንሽ ሜሞሪ ጋራ፣ ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ያገለገለ ፓይ 3ን ቢገዛ ይበጀዋል። ሆኖም ይህ ምርጫ ለዘለዓለም የሚያዛልቅ አይደለም። አዳዲሶቹ የአርም ፕሮሰሰሮች ባለ 32 ቢት ትእዛዞችን እየተዉ ስለ ሆነ፣ ሲስተሙ በ64 ቢት እንደገና ካልተጻፈ የሚያድርበት ሰሌዳ እያነሰ ይሄዳል። የፕሮግራሙ ምንጭ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ይህን ሥራ ለመሞከር የሚፈልግ ተማሪ የሚያግደው የለም።