የአራስ ቤት ከሰል

በእንጅባራ ክረምት አራስ ቤት ገብቶ «ማንደጃው ለምን ይነዳል?» ብሎ የሚቆጣ ሰው የአገሩን ብርድ አያውቅም። ከተማዋ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨቅላ ደግሞ ሙቀቱን መጠበቅ ገና አይችልም። እናቶች ብርድን መፍራታቸው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው «ከሰል እኮ አይጨስም፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው።

ከሰሉ ከደጅ ነው የሚመጣው። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ ያከስላል፤ ጆንያው በመኪና አዲስ አበባ ይደርሳል። ብዙ ጎጆ ያቀና ዛፍ ነውና በክፉ አላነሳውም። ፍሙ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። «ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው ያስገባሁት» ማለትም አያድንም፤ ያለቀው የሚታየው ጭስ ነው። በርና ቀዳዳው ተወትፎ ሲታደር ቤተሰብ በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። ሳይገድል ሲቀር ደግሞ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ በአራስነት ድካም ይሳበባል።

«ማኅፀን ውስጥ ያለውንስ አይነካውም» ይባላል። ይነካዋል። ጋዙ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ የፅንሱ ደም ከእናቱ ደም አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቶሎም አይለቀውም። ጭስ በሞላው ማድቤት የምትውል ነፍሰ ጡር ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል። ከወለደችም በኋላ አዝላው እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ የሚስበው ያንኑ ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ የሕፃናትን የሳንባ ምች አደጋ ወደ እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ልጁ ማሳል ሲጀምር ታዲያ «ብርድ መታው» ይባልና ፍም ይጨመራል!

ከጭሱ ሌላ፣ እንገርን «ቆሻሻ ነው» ብሎ መድፋትና ለሕፃኑ ቅቤ ማቅመስም ጉዳት ነው። እንገር በሽታ መከላከያ የሞላበት ወተት ነው፤ ቅቤው ጀርም ሊያስገባበት ይችላል።

ልጁ በቁመት ወደኋላ ሲቀርም «አጭርነቱ የዘር ነው» የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዕድገት መለኪያ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተመረጡ፣ በሚገባ በተያዙ ሕፃናት የተሠራ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁመታቸው ተቀራራቢ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ይህን ሁሉ በዘር ማሳበብ አይቻልም።

ታዲያ ያለ ከሰል ብርዱስ እንዴት ይሁን? ሕፃኑን እርቃኑን ከእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝቶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ጋቢ መደረብ ነው። አባትም ቢያቅፈው ያው ነው። ገላውን ለማጠብም አይቸኮል፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ።