ስለ ከብት ሐኪሞችና ስለ ላቦራቶሪ ሠራተኞች አገልግሎት

የገበሬ ዋና ሀብቱ በሬው ነው። በሬ ከሌለ ማረሻ አይንቀሳቀስም፤ ማረሻ ካልተንቀሳቀሰ ጎተራ አይሞላም፤ ጎተራው ባዶ የሆነ እንደ ሆነም በገጠርም በከተማም የሚኖረው ሰው ሁሉ ይራባል። ስለዚህ የከብትን ሕይወት የሚጠብቅ ሰው የሰውን ሕይወት ይጠብቃል ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ የሰው ሐኪም በየስፍራው ሲመሰገን የከብት ሐኪምና በላቦራቶሪ ውስጥ የሚረዱት ሠራተኞች ድካም በብዙ ሰው ዘንድ ሳይታወቅ ይኖራል።

የዚህ ሥራ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ሥራው ባልነበረበት ዘመን የደረሰውን መከራ ማስታወስ ይበቃል። ስሙ ደስታ፣ ግብሩ ግን ኀዘን የሆነው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ግድም ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች ምክንያት በምፅዋ በኩል ገባ። ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይነገራል። በዚያም ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨምረውበት፣ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ያ ዘመን ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። በሬ ስለ ጠፋ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝባቸው ምሳሌ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። ለዚያ ዘመን ሕዝብ ትጋት አላነሰውም፤ ያጣው በሽታውን የሚለይለትንና መከላከያውን የሚያዘጋጅለትን ባለሙያ ነበር።

የከብት ሐኪም ሥራ የሚከብድበት አንድ ምክንያት ሕመምተኛው የማይናገር መሆኑ ነው። ላም ወዴት እንደሚያማት አትናገርም፤ በግም ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው አይነግርም። ስለዚህ ሐኪሙ ዓይንን፣ አፍን፣ አተነፋፈስንና እበትን ተመልክቶ፣ ባለቤቱንም ጠይቆ፣ የቀረውን ከደምና ከልዩ ልዩ ናሙና ለመረዳት ይገደዳል። ረዳቱ ናሙናውን በቅዝቃዜ ጠብቆ፣ የከብቱን ምልክትና ቀኑን ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ጽሕፈቱ የተሳሳተ ወይም ናሙናው በመንገድ ሙቀት የተበላሸ እንደ ሆነ የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በላቦራቶሪውም ቢሆን ብልቃጥ የሚያጥበውና ዕቃውን በእንፋሎት የሚቀቅለው ሠራተኛ ጥቂት የተዘናጋ እንደ ሆነ ምርመራው ሐሰት ይናገራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ታናሽ የሚባል ሠራተኛ የለም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው አባ ሰንጋ ነው። ደህና ውሎ ያደረ በሬ በድንገት የሞተ እንደ ሆነ የሠለጠነ ሐኪም ሬሳውን ለመክፈት አይቸኩልም። ከጆሮው ሥር ጥቂት ደም በጥንቃቄ ይወስዳል፤ ደሙም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሬሳው ቢከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ ጽኑ ዘር ይሆናልና፣ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ሌላ ከብት ይጠብቃል። ቆዳውን የገፈፈና ሥጋውን የበላ ሰውም በሽታው ይይዘዋል። እንግዲህ አንዲት ጠብታ ደም በትክክል የመረመረ ሠራተኛ፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን አንድ ቤተ ሰብ ከሞት አዳነ ማለት ነው።

ደስታም በመጨረሻ የተሸነፈው በእንደዚህ ያሉ ሰዎች ትዕግሥት ነው። በኬንያ አገር ሙጉጋ በተባለው ስፍራ ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም ከባልደረባው ጋር የበሽታውን ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ 90 ጊዜ ያህል እያሸጋገረ አደከመው፤ በዚህም ከብቱን ሳያሳምም የሚከላከልለት ክትባት ተገኘ። ነገር ግን ክትባቱ ቅዝቃዜ ካላገኘ ስለሚበላሽ ወደ ቆላው ለማድረስ ጭንቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሙቀትን የሚችል ክትባት ተዘጋጀ። በአፋር ምድር ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ክትባቱን ይዘው ሐኪም ሊደርስበት ወደማይችለው ግጦሽ ሁሉ ሄዱ፤ ከ1988 ዓ.ም. በኋላም በዚያ ምድር ደስታ አልታየም። በቢሾፍቱ ከተማ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት ሲያዘጋጅ ኖሯል።

በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ፈጽሞ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ቫይረሱ አሁን የሚገኘው በጥቂት የታመኑ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ በአፍሪካ ለዚህ የተመረጠውም በዚያው በቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። አንድ ጊዜ አገርን በሙሉ ያስራበው ጠላት ዛሬ በመዝጊያ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በባለሙያዎች እጅ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ሥራው ተፈጽሟል ለማለት አይቻልም። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ የድኻውን ሀብት ገና እየፈጀ ነው፤ ይህንም በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ዓ.ም. ከዓለም ለማጥፋት ታስቧል። ሐኪሞቹ ብቻቸውን ግን ይህን ሊፈጽሙ አይችሉም። ባለ ከብቱ በሽታን ሳይደብቅ በቶሎ ማስታወቅ፣ ከብቱን በጊዜው ማስከተብ፣ በድንገት የሞተውንም ከመብላት መከልከል ይገባዋል። በየወረዳው ላለው ሐኪምም መድኃኒቱ፣ ማቀዝቀዣውና መሄጃው ሊሟላለት ይገባል፤ እጁን ባዶ አድርጎ የተላከ ሐኪም ምክር ብቻ ይዞ ይደርሳልና።

የደረሰ መከራ ለሁሉ ይታያል፤ ሳይደርስ የቀረ መከራ ግን አይታይም። የከብት ሐኪምና የላቦራቶሪ ሠራተኛ ምስጋና የሚያንሰውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን በማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ወደ እርሻው የሚሄድ ገበሬ ሁሉ የእነርሱ ሥራ ምስክር ነው።