ስንቴ ቆመ? ስንቴ ተመረመረ?

ጁባ ቶንፒንግ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባሉት ሆቴሎች፣ ምሳ ላይ የሚቀርበው ማካሮኒ፣ ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ናፍጣ፣ ለአዲሱ ፎቅ የሚቦካው ሲሚንቶ አብዛኛው በከባድ መኪና የመጣ ነው። ደቡብ ሱዳን የባሕር በር የላትም። ዕቃው ሞምባሳ ላይ ከመርከብ ይወርዳል፤ ኬንያንና ኡጋንዳን አቋርጦ ኒሙሌ ላይ ድንበር ይሻገራል፤ ጁባ እስኪገባ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ሾፌሮች ረጅም የሚሉት መንገድ የጁባው እኩሌታ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለሰው ባለ 6 አክስል ተሳቢ 22 ጎማ አለው። ከፊት 2፣ ከሚነዱት ሁለት አክስሎች 8፣ ከተሳቢው ሦስት አክስሎች 12። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሕግ የከባድ መኪና ጣሪያ፣ ጭነቱንም ራሱንም ጨምሮ፣ 56 ቶን ነው። እዚያ ለመድረስ 7 አክስል ያስፈልጋል። ደቡብ ሱዳንም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማኅበረሰቡ አባል ናት።

አሁን ይህን ክብደት ቁልቁለት ላይ እናስቀምጠው። ከሞምባሳ፣ ከባሕር ጠለል የተነሳ መኪና በናኩሩና በኤልዶሬት መካከል ቲምቦሮዋ አካባቢ ከ2,700 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጁባ ግን 550 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወጣውን ሁሉ መውረድ አለበት። ቲምቦሮዋን ያላየ አንባቢ የዓባይ በረሃን ያስብ። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ከፍታው የሰጠው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ብታሰሉት 549 ሜጋ ጁል ነው። ይህ ሙቀት 8 በርሜል ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል።

ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይሸከማል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ነጻ ካደረገው ግን የቀረው ሸክም በሙሉ የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ላይ ያርፋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል፤ መኪናው ግን አይሰማውም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ሸራው ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ይብሳል፤ ድንገተኛ ይመስላል እንጂ የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው።

በሜዳም ቢሆን ቁጥሩ አይራራም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ 33 ሜትር አለፈ። ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ ተጨማሪ 50 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በድምሩ 83 ሜትር። ከፍሬኖቹ ግማሾቹ የማይዙ ከሆነ 133 ሜትር። በሁለቱ መካከል ባለው 50 ሜትር ውስጥ የምትሻገር እናት፣ ቦዳ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ላይ የተሳፈረ ተማሪ ይኖራል።

የፍሬን መድከም ምልክቱን አስቀድሞ ያሳያል፤ ለማየትም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ሲመረመር ተቆጣጣሪው ከሥሩ ይገባል፣ ከፍሬኑ አየር ክፍል በሚወጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፣ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ ዘንጉ የወጣው ርዝመት በማስመሪያ ይለካል። በብዙ ከባድ መኪና ላይ በተለመደው የአየር ክፍል መጠን ገደቡ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሬኑ ይስተካከላል። ጠመኔና ማስመሪያ! ሰው የሚያድን ዕቃ ይህን ያህል ርካሽ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በ1988 እ.ኤ.አ. የተጀመረና ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ በየዓመቱ ለ72 ሰዓት የሚካሄድ የመንገድ ዳር የምርመራ ዘመቻ አለ። ሙሉው ምርመራ 37 ደረጃዎች አሉት፤ መኪናውንም ሾፌሩንም ያያል፤ መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓት፣ መጠጥ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ መብራት፣ የጭነቱ አስተሳሰር። በ2023 በእነዚያ 3 ቀናት 59,429 ምርመራዎች ተደረጉ። ከተመረመሩት ተሽከርካሪዎች 19 በመቶው እዚያው እንዲቆሙ ተደረገ። የመለዋወጫ ችግር በሌለበት፣ ጋራዥ በሞላበት አገር ከ5 መኪና 1 ያህሉ መንገድ ላይ መሆን አልነበረበትም። ዋናው ምክንያት ደግሞ ፍሬን ነበር።

ጁባ የሚገባው መኪናስ? እሱም ይቆማል፤ እጅግ ብዙ ጊዜ ይቆማል። በ2021 የወጣ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጥናት በደቡብ ሱዳን ዋና ዋና የንግድ መሥመሮች፣ በየብስም በወንዝም፣ ከ300 በላይ ኬላዎች ቆጥሯል። ኬላዎቹ ግን የተዘረጉት ለክፍያ ነው። በ2024 መጀመሪያ በጭነት መኪኖች ላይ አዳዲስ ክፍያዎች ሲጣሉ የተባበሩት መንግሥታት የነዳጅ ቦቴዎች ድንበር ላይ ቆሙ፤ በአውሮፕላን የሚጣለው ምግብ ተቋረጠ፤ 60,000 ሰው ችግር ላይ ወደቀ። ከመኪና ላይ የሚወሰድ ገንዘብ መጨረሻው ከማን ማዕድ እንደሚነሳ ያኔ በግልጽ ታየ። በ2021 ደግሞ ሾፌሮች በጥይት መገደላቸው ያንገሸገሻቸው ባልደረቦቻቸው ኡጋንዳ በኩል ኤሌጉ ላይ መኪኖቻቸውን አቁመው አንገባም ብለዋል። በዚህ መንገድ ላይ ሾፌር የሚፈራው ቁልቁለቱን ብቻ አይደለም።

እንቅልፍም አለ። 1,600 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 50 ቢነዳ 32 ሰዓት መሪ ላይ ነው፤ የኬላው ሰልፍ ሳይቆጠር። በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው የሚሠራው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። ኬላ ላይ ያባከነውን ሰዓት ለማካካስ ሌሊቱን የሚነዳ ሾፌር ሳይጠጣ የሰከረ ያህል ነው። እንግዲህ አጉል ማስቆም አደጋ አይቀንስም፤ ይጨምራል።

መንገዱም ራሱ ይከፍላል። 192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ–ኒሙሌ አስፋልት በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ድጋፍ ሲጠናቀቅ 225 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ እያንዳንዱ ሜትር ከ1,170 ዶላር በላይ ማለት ነው። መሐንዲሶች እንደሚሉት ጭነት አስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል። 10 ቶን የተሸከመ አንድ አክስል ያለፈበት መንገድ፣ አንድ ቶን የተሸከመ አክስል 10,000 ጊዜ እንዳለፈበት ይቆጠራል። 10 ቶኑ 13 ሲሆን ጉዳቱ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ሚዛን ላይ በጉቦ ያለፈችው 3 ቶን ጉድጓድ ሆና ትመለሳለች፤ ጉድጓዱም ባሌስትራ ይሰብራል፣ ጎማ ያፈነዳል።

ቦቴ ሲገለበጥ የሚሆነውን ይህ መሥመርም ዙሪያውም ያውቁታል። ጥር 2009 እ.ኤ.አ. በናኩሩ–ኤልዶሬት መንገድ ሳቻንግዋን ላይ የተገለበጠ ቦቴ በእሳት ሲያያዝ ነዳጅ ሊቀዱ የተሰበሰቡ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። መስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሱዳን ማሪዲ አጠገብ ያው ሆነ፤ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ አገር፣ አንድ ዓይነት ሞት።

ሙሉ ምርመራ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 32 ሰዓት ለሚነዳ መኪና አንድ ሰዓት ከጉዞው 3 በመቶ ነው። ኒሙሌ ላይ አንድ የታወቀ፣ ደረሰኝ ያለው፣ ከመኪናው ሥር የሚገባ ጣቢያ ይቁም፤ እሱን ያለፈ መኪና እስከ ጁባ ማንም አያስቁመው። ይህ ለደቡብ ሱዳን መንግሥት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በጁባ የውሃ ቦቴ ለምታሽከረክሩና ለምታሠሩ ወገኖቼ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ነው፤ ግማሽ ሲሆን ደግሞ እየተናጠ መኪናውን ይገፋል። ነገ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጠመኔና ማስመሪያ ይዛችሁ ከሥሩ ግቡ፤ የፍሬን ሸራውን እዩ።