ግንዱ ከወደቀ በኋላ

ወንዝ ዳር የነበረ ዛፍ በተቆረጠ ማግስት ብዙ ጊዜ ምንም አይደርስም። ክረምቱ ያልፋል፣ ዳርቻው እንደቆመ ነው፣ ያስቆረጠውም ሰው «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ይላል። ነገሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። ዛፉ ሲወድቅ ሥሩ ወዲያው አይበሰብስም፤ አፈሩን እንደያዘ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ቀድመው የሚያልቁት እንደ ፀጉር የቀጠኑት ሥሮች ናቸው። እንደ ውፍረታቸው ሲመዘን ግን ከወፍራሞቹ ይልቅ መበጠስን የሚቋቋሙት እነሱ ናቸው። በምትኩ ችግኝ ቢተከል እንኳ፣ የአሮጌው ሥር አልቆ የአዲሱ ሳይጠነክር መሀል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ዳርቻ የሚናደው አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው፤ መቆረጡ ከተረሳ በኋላ።

አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ችግሩን የሚያከፋው አፈሩ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ቦሌ አየር ማረፊያ ግን 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የቀበና ወንዝ ያን ቁልቁለት በአጭር ርቀት ተምዘግዝጎ ወርዶ ቦሌ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቡልቡላና አቃቂ የሚዘልቀው መሬት ብዙው ጥቁር መረሬ ነው፤ ቤት ለመሥራት መሠረት ያስቆፈረ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ስንጥቁ ከወንዙ ጎን ለጎን ከሄደ፣ የሰኔ ዝናብ ይገባበትና የዳርቻው ግንብ የሚያህል ቁራጭ ከኋላው ይላቀቃል።

የሚገርመው፣ ዳርቻው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ሳለ አይደለም። ሙላቱ ጎደል ሲል ነው። ውኃው እስካለ ድረስ ዳርቻውን ከፊት ደግፎት ነበር፤ በፍጥነት ሲወርድ ውኃ የጠገበው አፈር ክብደቱን ይዞ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ሥር እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ አፈሩን ያስራል፣ ውኃውንም ጠጥቶ ያቀለዋል።

ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን የሞላት ባሕር ዛፍ ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሥሩም አይሞትም። ስለዚህ ለአጠና የሚቆርጠው ሰውና ጉቶውን በኤክስካቫተር ነቅሎ የሚጠርገው ሰው እኩል አይወቀሱም። በእርግጥ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሳር እምብዛም አያስበቅልምና የላይኛውን አፈር ዝናብ ይጠርገዋል።

የሸገር ወንዝ ዳርቻ ልማት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ዕቅድ ነበር። እንዲህ ባሉ ሥራዎች ላይ ጋቢዮን፣ በሽቦ መረብ የታጨቀ ድንጋይ፣ የተለመደ ነው። የቆመበትን ቦታ ይጠብቃል፤ ወንዙ ግን በተስተካከለ ግድግዳ መሀል ፍጥነት ይጨምርና ግድግዳው ያለቀበትን ዳርቻ ይቦረቡራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎችን የገደለውን ጎርፍ ሁሉ በዛፍ መቆረጥ ማሳበብ ግን አይቻልም፤ ዝናብ የማያሰርገው አስፋልትና ጣሪያ፣ ወንዝ አፋፍ ላይ የተሠራው ቤትም ድርሻ አላቸው።

ለመትከል አኻያ ጥሩ ነው፤ ቅርንጫፉ እርጥብ አፈር ላይ ቢሰካ ሥር ያበቅላል። ሾላና ዶቅማ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አሮጌውን ከመቁረጥ በፊት፣ ሥሩ ገና ሕያው ሳለ፣ አጠገቡ ቢተከሉ በአሮጌውና በአዲሱ ሥር መሀል የሚፈጠረውን ክፍተት ያጠብቡታል። የተናደው አፈር በበኩሉ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይተኛል፤ የግድቡ ሐይቅም ከዓመት ዓመት በደለል እየጠበበ ሄዷል።