ፊደላችን ማተሚያ ቤት ሲደርስ ለምን ይበተናል? የምታውቁ ጻፉልን

ሰሞኑን ገፈርሳ፣ አምቦ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የህትመት ሱቅ ገብተን ነበር። የሰፈራችን እናት የ40 ቀን መታሰቢያ ስለደረሰ የጥሪ ካርድ ልናሳትም ነው። ጽሑፉን ስልካችን ላይ ጽፈን በቴሌግራም ላክን። ልጁ ዲዛይኑ ላይ ሲለጥፈው ምን ሆነ መሰላችሁ? አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ጀርባው በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ እሱ ምንም አልሆነም።

ልጁ «ይሄ ሁሌም ነው» ብሎ አማርኛውን ከስልካችን እያየ እንደገና ጻፈው። ካርዱ ታትሞ ከተበተነ በኋላ ነው ያየነው፤ አንድ ፊደል ተቀይራ የእማማ አባት ስም የሌላ ሰው ስም ሆኗል። ልጆቻቸው ምንም አላሉንም። ቢቆጡን ይሻል ነበር።

ጥፋቱን በሱቁ ልጅ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። ችግሩ እሱ ሳይወለድ የጀመረ ነው።

ስልካችሁ ላይ «ሀ»ን ስትነኩ የሚቀመጠው የፊደሏ ምስል ሳይሆን ቁጥሯ ነው፤ 4608። ይህ ቁጥር ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም ከሚጋራው መዝገብ የመጣ ነው። ፊደላችን እዚያ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ባለሙያዎች ለፊደላችን ቦታ ስላላገኙ የእኛን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ደርበው አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ ላቲን የጻፈ እየመሰለው እኛ አማርኛ እናነባለን። አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ስለነበር ፊደላችን ለሁለት ፎንት የተከፈለበት ጊዜም አለ። እውነት ለመናገር ብልሃቱ ያስደንቃል። ያ ባይሆን በዚያ ዘመን በአማርኛ ኮምፒውተር መጠቀም ባልተቻለ ነበር።

ችግሩ ብዙ ሱቆች ዛሬም እነዚያን ፎንቶች መጠቀማቸው ነው። የለመዱት የርዕስ ፊደል እዚያ ነው ያለው፣ የዓመታት ፋይላቸውም በዚያው ነው የተቀመጠው። የእናንተ ጽሑፍ 4608ን ይዞ ይመጣል፤ አሮጌው ፎንት በዚያ ቁጥር ላይ ምንም የለውም፤ ሳጥን ያሳያችኋል። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ ከመጀመሪያው ማሽኑ ያውቀዋል፣ አይበተንም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 የወጣው ሮም ላይ ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ፊደሉን የተማረው እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲሆን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ነበር የጠራው! በእርሳስ ፊደል ዘመን እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ የብረት ቁራጭ ነው። ላቲን ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ሲሆን የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ቋ፣ ጓ እና ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ። ፊደል ለቃሚው ያን ሁሉ ከየሳጥኑ በእጁ እየለቀመ ነበር ገጽ የሚሠራው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የዚያን ሙያ ሰዎች በሕይወት እያሉ ማን ጠይቆ ጻፈ?

ለዚህ ነው ጥሪ የምናደርገው። ተመራማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ስለ ሳይንስ የምትጽፉ ሁሉ፣ ስለ ህትመት ቴክኖሎጂ ጻፉልን። ለምሳሌ 50 ካርድና 500 ካርድ ኦፍሴት ላይ ዋጋቸው ለምን ይቀራረባል? (ብዙው ወጪ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚሠራው የአሉሚኒየም ፕሌት ስለሆነ ነው። ግን ይሄን በደንብ የሚያስረዳ ሰው እንፈልጋለን።) ቶነር በሙቀት ወረቀት ላይ የሚቀልጥ ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ መስኮት በሌላት ጠባብ ሱቅ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚውል ልጅ ምን ይተነፍሳል? ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ያለ ሱቅ ገብታችሁ የለካችሁት፣ የሞከራችሁት ነገር ካለ ደግሞ ቅድሚያ እንሰጣለን።

ከኢንተርኔት ተገልብጦ የተተረጎመ አንቀበልም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተነቦ የሚያልቅ ይሁን። ስማችሁ አብሮ ይወጣል፤ ካስተካከልነው ሳንለጥፍ በፊት መልሰን እናሳያችኋለን። ክፍያ የለንም፣ አንዋሽም።

በውስጥ መስመር ላኩልን። ስለ ፎንቱ የሚመጣውን ጽሑፍ መጀመሪያ የምናስነብበው ለገፈርሳው ልጅ ነው፤ እሱ ካልገባው ለእናንተም አንለጥፈውም።