የማታ ክፍልና የማስጠኛ ቤት፦ ፈቃዱ ከየትኛው በር ይወጣል?

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወጣው መንገድ ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ሲደርስ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ገብቷል። ከተማዋ አነስተኛ ናት፤ የትምህርት ፍላጎቷ ግን ብዙ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያስጠናው ይሻል። ፊደል ሳይቆጥር ያደገ ገበሬ የማዳበሪያ ደረሰኙን ራሱ አንብቦ መፈረም ይፈልጋል። ሥራ ያጣ ወጣት ስለ ኮምፒውተር ሥልጠና ወይም ስለ መንጃ ፈቃድ ያስባል። ሦስቱም የሚፈልጉት ትምህርት ነው። እነሱን ለማስተማር የተነሳ ሰው ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ከአንድ ቢሮ አይደለም።

በሩን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪው ሲጨርስ ምን ይዞ ይወጣል? የክፍል ደረጃ፣ የሙያ ብቃት፣ መንጃ ፈቃድ ወይስ የተሻለ ውጤት ብቻ? መልሱ ቢሮውንም፣ መስፈርቱንም፣ ተቆጣጣሪውንም ይወስናል።

በመጀመሪያ የክፍል ደረጃ የሚሰጠውን እንይ። የግል ትምህርት ቤት ቀንም ያስተምር ማታ፣ ተማሪውን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፍ ከሆነ ጉዳዩ የትምህርት መሥሪያ ቤቶች ነው። መሰላሉ ከመርሳ ይጀምራል፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የሰሜን ወሎ ዞን መምሪያ ወልዲያ፣ የክልሉ ቢሮ ባሕር ዳር ተቀምጠዋል። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰው ስለነበር ለረጅም ጊዜ ፈቃድ የሚጠይቅ ባለሀብት አልነበረም። በሩን የከፈተው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ግል ትምህርት ተቋማት ፈቃድና ቁጥጥር የሚደነግገው ደንብ ቁጥር 206 ወጣ። ገምጋሚ ሲመጣ የሚያየው የመማሪያ ክፍሉን ስፋት፣ የወንዶችና የሴቶች መጸዳጃ መለየቱን፣ ውሃውን፣ የመምህራኑን የትምህርት ማስረጃና ሥርዓተ ትምህርቱን ነው።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላም ኢንስፔክሽን አለ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ማዕቀፍ ትምህርት ቤትን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ከመቶ ይሰጣል። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1 ላይ ይቀራል፤ 90ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ግድግዳና ወንበር ብቻውን ደረጃ እንደማያወጣ ከክፍፍሉ ይታያል።

ገበሬው የሚገባበት በር ሌላ ነው። የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ነው። ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ከጤና፣ ከግብርናና ከቁጠባ ጋር ተያይዘው ይሰጣሉ። የሚያስተምረው ሰው አመቻች ይባላል፤ የትምህርቱን ቀንና ሰዓት ከተማሪዎቹ ጋር ተመካክሮ ይቆርጣል። ማሽላ በሚታጨድበት ወር፣ በገበያ ቀን ወይም በበዓል ጎልማሳን ክፍል ውስጥ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። እዚህ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ አስተማሪው መንግሥት ራሱ ነውና። ክትትሉ የወረዳው ባለሙያና የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ኃላፊነት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት በሥራው ልግባ ካለ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግቦ ከሚመለከተው ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ይፈራረማል።

ጎልማሳን ያለ ፈቃድ ማስተማር የቆየ ልማድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነስቶ እስከ 15 ቋንቋዎች ሲደርስ ማንም የማስተማር ፈቃድ አልጠየቀም። ትእዛዙ ከላይ መጣ፣ ዘማቹ ወረደ፣ አገሪቱም የዩኔስኮን ሽልማት አገኘች። የቄስ ትምህርት ቤትና መድረሳም ከዚያ በፊት ጀምሮ በሃይማኖት ተቋማት ጥላ ሥር ኖረዋል።

ወጣቱን የሚመለከተው ሦስተኛው በር ነው። የሙያ ሥልጠና በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር የተያያዘ ሲሆን በክልል ደረጃም የዘርፉ ቢሮ ይመራዋል። ማሠልጠኛው በሰጠው ወረቀት ላይ የሙያ ብቃት ምዘና ይጨመራል፤ አሠልጣኙና መዛኙ የተለያዩ መሆናቸው የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ ነው። መንጃ ፈቃድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ትራንስፖርት ይሄዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚገዛው እሱን ነው።

አስቸጋሪው የማስጠኛ ቤት ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና ሰው የክፍል ደረጃም የሙያ ሰርተፍኬትም አይሰጥም። ፈላጊው ግን ብዙ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ሲያሳልፍ ደግሞ ወላጅ መደንገጡ አይቀርም። ሰሜን ወሎ ላይ ሌላም ተጨምሯል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሲያዳርሰው ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙዎቹም ተዘርፈዋል። ያመለጠውን ትምህርት ለማካካስ ጥናት የግድ ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ራሱ የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጥ በርዕሰ መምህሩና በወላጅ መምህር ኅብረት ዐይን ሥር ነው። ቤት ተከራይቶ በክፍያ የሚያስጠና ግን ነጋዴ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ሥር ይወድቃል፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፣ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል፣ ለዘርፉ የብቃት ማረጋገጫ ከተጠየቀ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያመጣል፣ ፈቃዱን በየዓመቱ ያሳድሳል፣ በሚታይ ቦታም ይሰቅለዋል። የቤት ለቤት አስጠኚ ግን ይህን ሁሉ ሳያይ ደብተር ይዞ ይዞራል፤ የሚያውቀው የወላጅ ስልክ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮችም እዚሁ ላይ ተቸግረዋል። ደቡብ ኮሪያ የማስጠኛ ቤቶችን በሕግ መዝግባ ትቆጣጠራለች፤ ሴኡል ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማስጠናት ክልክል ነው። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. በግዴታ ትምህርት እርከን ዋና ዋና ትምህርቶችን ለትርፍ ማስጠናትን ከለከለች። የሁለቱም ስጋት ልጁ እረፍት ማጣቱና የወላጅ ኪስ መራቆቱ ነበር። የእኛ ስጋት ሌላ ነው፤ ቀን በደመወዝ ሲያስተምር የቆየ መምህር ያንኑ ተማሪውን ማታ በክፍያ ቢያስጠና የቀኑን ትምህርት ለማሳጠር ይፈተናል። ይህን የክፍል ስፋት በመለካት ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ውርጌሳ ውስጥ የማስጠኛ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ቤት ከመከራየቱ በፊት የሚሰጠውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ወደ መርሳ ቢሄድ ብዙ ምልልስ ይቀርለታል። ወላጅም ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አስጠኚው የት ተመርቆ የት ያስተምራል? ልጄ ሲመሽ ማን ይመልሳታል? ሰርተፍኬት ተብሎ የሚሰጠውን ወረቀት የትኛው መሥሪያ ቤት ያውቀዋል? የወረዳው ጽሕፈት ቤት ድርሻ ደግሞ ከትልቁ ትምህርት ቤት መስፈርት ቀለል ያለ መዝገብ መክፈት ነው፤ የአስጠኚው ስም፣ ቦታው፣ ሰዓቱና የልጆቹ ቁጥር ይበቃዋል። በአንዲት ክፍል ስድስት ልጅ የሚያስጠናን ሰው እንደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አቅርብ ቢሉት ቤቱን ይዘጋል ወይም ይደበቃል። የተመዘገበውን ግን ሱፐርቫይዘሩ አንድ ምሽት ጎራ ብሎ ሊያየው ይችላል።